ስካራ ብሬ ወይስ ጃርልሾፍ?

ሁለቱም የስኮትላንድ ደሴቶች ላይ ያሉ ጥንታዊ መንደሮች ናቸው። ሁለቱንም ከአሸዋ ስር ያወጣቸው ኃይለኛ ማዕበል ነው። ጊዜህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የቱን ታያለህ?

መንገዱ፦ ስካራ ብሬ ኦርክኒ ላይ ነው። በዋናው ስኮትላንድ ሰሜን ጠረፍ ካለችው የስክራብስተር ወደብ በመርከብ 90 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ጃርልሾፍ ሼትላንድ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው፤ ከአበርዲን መርከቡ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል። በአውሮፕላን ከሄድክ ግን ሰምበርግ ኤርፖርት አጠገቡ ነው።

የሚታየው፦ ስካራ ብሬ 5,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የጊዛን ፒራሚዶች ይቀድማል። አልጋው ድንጋይ፣ ምድጃው ድንጋይ። ከበሩ ትይዩ የቆመው መደርደሪያም ድንጋይ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ልክ እንደኛ ቡፌ፣ እንግዳ ገና ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር። ቤቶቹን ግን ከላይ ሆነህ ነው የምታያቸው።

ጃርልሾፍ ደግሞ ዘመን በዘመን ላይ የተደራረበበት ነው። የነሐስ ዘመን ቤት፣ የብረት ዘመን ክብ ቤቶች፣ የቫይኪንጎች ረጃጅም ቤቶች፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የባላባት መኖሪያ፣ ሁሉም አንድ ቦታ! አንዳንዶቹ ውስጥም ትገባለህ።

ስጋቱ፦ ስካራ ብሬ ባሕሩ አፋፍ ላይ ነው፤ ከማዕበሉ የሚከላከልለት ግንብ ነው።

አንድን ቤተሰብ በቅርበት ማየት ለሚፈልግ ስካራ ብሬ ይሻላል። የሺህ ዓመታትን ለውጥ በእግሩ መከተል ለሚወድ ጃርልሾፍ።