ለ26 ኢንች አሮጌ የተራራ ብስክሌት፦ የፊቱ ጎማ 27.5 ይሁን፣ 29 ወይስ ባለበት ይቆይ?

ፍሬሙ ጤነኛ ነው፣ ጎማው ግን 26 ነው። ፋብሪካዎች ወደ 27.5 እና 29 ከዞሩ ወዲህ በ26 ጥሩ ቸርኬና ጎማ ማማረጥ እየጠበበ ስለሄደ፣ የፊቱን ብቻ በትልቅ መተካት ብዙዎች የሚያስቡት መፍትሔ ሆኗል። ይቻላል። ሳይለኩ ከገዙ ግን ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል።

“26”፣ “27.5” እና “29” የገበያ ስሞች ናቸው። እውነተኛው ልክ ጎማው ጎን ላይ በሚሊሜትር ተጽፏል። 54-559 የሚል ካዩ ስፋቱ 54፣ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ደግሞ 559 ነው፤ 26 የሚባለው ይህ ነው። 27.5 ማለት 584፣ 29 ማለት 622 ነው። ስለዚህ ከ26 ወደ 27.5 ሲኬድ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት በ12.5 ሚ.ሜ. ያድጋል፤ ወደ 29 ሲኬድ በ31.5 ሚ.ሜ.።

ከፊት 27.5፣ ከኋላ 26

ለአሮጌ ፍሬም የምንመክረው ቅይጥ ይህ ነው። ፎርኩ (የፊት ጎማውን በሁለት እግሮቹ መካከል የሚይዘው ሹካ) ሳይቀየር ጎማው ብቻ ከገባ የብስክሌቱ ፊት 12.5 ሚ.ሜ. ይነሳል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1080 ሚ.ሜ. ገደማ ባለው ፍሬም ላይ የመሪው አንገት ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በላይ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ የፔዳሉ መዞሪያም 5 ሚ.ሜ. ያህል ከፍ ይላል። ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ ይረጋጋል፤ ዳገት ላይ ግን ፊቱ ይቀላል። ከመሪው ሥር 10 ሚ.ሜ. የሚሆን ቀለበት አውጥቶ ከላይ መደርደር፣ ኮርቻውንም 8 ሚ.ሜ. ያህል ወደ ፊት መግፋት አብዛኛውን ይመልሰዋል።

ጣጣው ፎርኩ ጋ ነው። 27.5×2.1 ጎማ ሲነፋ ከመሃል እስከ ጫፍ 346 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። የፊት ጎማውን አውጥተው፣ ዘንጉ ከሚቀመጥበት መሃል ተነሥተው ሁለቱን እግሮች እስከሚያገናኘው ቅስት ድረስ በሜትር ይለኩ። ቢያንስ 352 ሊሆን ይገባል፤ 6 ሚ.ሜ. ክፍተት ለጭቃና ለቸርኬ መወላገድ የግድ ነው። ልኬቱ ብቻውን አይበቃም። የአየር ፎርክ ከሆነ አየሩን ያፍሱ፣ የሞላ ከሆነ ሞላውን ያውጡ፤ ከዚያ የተነፋውን ጎማ ገጥመው መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ይጫኑት። በጎማውና በፎርኩ አናት መካከል ትንሽ ጣት የማያስገባ ክፍተት ከቀረ ፎርኩ ለዚያ ጎማ አይሆንም። ይህ ሙከራ ከተዘለለ ጉድለቱ የሚታየው ጉድጓድ ሲመታ ነው፦ ጎማው አናቱ ላይ ተነክሶ ይቆማል፣ ነጂው በመሪው ላይ ተወርውሮ ያልፋል።

ፍሬንም አለ። የቸርኬ ፍሬን ላስቲክ 12.5 ሚ.ሜ. ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ የአብዛኛው ፍሬን ክንድ ማስተካከያ ግን እስከዚያ አይደርስም። ስለዚህ ፎርኩ የዲስክ ፍሬን ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ደስ የሚለው፣ የኋላው 26 ስለሚቆይ የድሮው ፍሬን እዚያው ይሠራል፤ ፍሬሙ ከኋላ ለዲስክ ባይዘጋጅም ግድ የለም። በሽቦ የሚሳብ ዲስክ ፍሬን ሲገዙ የተራራ ብስክሌት ማንሻ የሚስማማውን ይጠይቁ። ለመንገድ ብስክሌት የተሠራው ዲስክ ፍሬን ከነባሩ ማንሻ ጋር ሲገጠም ማንሻው ይጠነክራል፣ ብስክሌቱ ግን በደንብ አይቆምም።

ከፊት 29፣ ከኋላ 26

የብስክሌት አምራቹ ትሬክ በዚህ ቅይጥ ብስክሌት ከፋብሪካ ሠርቶ ሸጧል፤ ፍሬሙ ግን ለዚያው ታስቦ የተሠራ ነበር። በተራ የ26 ፍሬም ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት የጎማውን እድገት ብቻ በመቁጠር ነው። 29 ጎማ በ26 ፎርክ ውስጥ ስለማይገባ ፎርኩም ይቀየራል፣ የ29 ፎርክ ደግሞ ራሱ ይረዝማል። ሲጫን 100 ሚ.ሜ. የሚወርድ የ26 ፎርክ ከዘንግ እስከ አናት 470 ሚ.ሜ. ገደማ ሲሆን፣ እኩል የሚወርደው የ29 ፎርክ 505 ገደማ ነው። 35 እና 31.5 ሲደመሩ 66 ሚ.ሜ. ይደርሳል፤ አንገቱ ከሦስት ዲግሪ በላይ ይጋደማል ማለት ነው። በዝግታ ሲነዱ መሪው ወደ ጎን ይወድቃል፣ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ መሬት ይለቃል። ረጅሙ ፎርክ የፍሬሙን አንገት የሚያጣምምበት ጉልበትም ይጨምራል፤ ብየዳው ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የሚሠራበት አንድ መንገድ አለ፦ ሞላም አየርም የሌለው (ሲጫን የማይወርድ)፣ ከዘንግ እስከ አናት 440 ሚ.ሜ. የሆነ የ29 ፎርክ። 440 ላይ 31.5 ሲጨመር ከድሮው 470 ጋር ይቀራረባል። ሜዳና ጥርጊያ መንገድ ለሚነዳ ሰው ጥሩ ነው። ድንጋያማ ቁልቁለት ለሚወርድ አንመክርም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በተራራ ውድድር የተለያየ ጎማ መፍቀዱን እንደ ማስረጃ የሚያነሡ አሉ። ተወዳዳሪዎቹ የያዙት ግን ከፊት 29፣ ከኋላ 27.5 ነው፤ ፍሬሙም አዲስ ነው።

ሁለቱም 27.5

ማዕዘኖቹ አይነኩም፤ ፔዳሉ ብቻ 12.5 ሚ.ሜ. ከፍ ይላል። የሚያስቸግረው የኋላው ነው። ከፔዳሉ ጀርባ ያሉት ቱቦዎች ጎማውን የሚያሳልፉበት ቦታ በአብዛኛው የ26 ፍሬም ጠባብ ነው፣ የኋላ ዲስክ ማሰሪያም ያስፈልጋል።

26 ላይ መቆየት፣ ግን በሰፊ ጎማ

በቅድሚያ ይህንን ይሞክሩ። ከ2.1 ወደ 2.4 ኢንች ሲሄዱ ጎማው ራሱ ከመሃል በ7 ሚ.ሜ. ገደማ ያድጋል፤ የ27.5ን እድገት ከግማሽ በላይ አገኙ ማለት ነው። በአነስተኛ ንፋስ ስለሚነዳ ድንጋዩንም ይውጣል። ከፎርኩ እግሮችና ከኋላ ቱቦዎች በየጎኑ 6 ሚ.ሜ. መራቁን ብቻ ያረጋግጡ።

ያገለገለ ጎማ ወይም ፎርክ ሲገዙ

በአሮጌ ፎርክ የሚገባው ሞዞ (ዘንጉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) በአብዛኛው 100 ሚ.ሜ. ስፋትና 9 ሚ.ሜ. ዘንግ ያለው ነው። ያገለገሉ የ27.5 ጎማዎች ብዙ ጊዜ 15 ሚ.ሜ. ዘንግ፣ አዲሶቹ ደግሞ 110 ሚ.ሜ. ሞዞ ይዘው ይመጣሉ፤ 110ሩ ፈጽሞ አይገባም፣ 15ቱ ማቀነሻ ከሌለው አይያዝም። ፎርክ ከሆነ ወደ ፍሬሙ አንገት የሚገባውን ቱቦውን ከላይም ከታችም በካሊፐር ይለኩ። ሁለቱም ጋ 28.6 ሚ.ሜ. ከሆነ ለአብዛኛው አሮጌ ፍሬም ይሆናል። ታችኛው ወደ 38 ከሰፋ፣ ውስጡ 34 ሚ.ሜ. በሆነው አሮጌ የፍሬም አንገት በምንም ኩሽኔታ አይገባም።

ቅይጥ ከገጠሙ ለሁለቱም ልክ የውስጥ ጎማ ይያዙ። የ27.5ቱ መንገድ ላይ ካለቀ የ26ቱ ተለጥጦ እስከ ቤት ያደርሳል።