የላይሰንስ ማስጠንቀቂያ ያስመረረው አሮጌ ላፕቶፕ፦ ሊኑክስ ሚንት ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ ስለ አንድ ዴል ላቲቲዩድ ላፕቶፕና አሁን በዊንዶውስ ፋንታ ስለተጫነበት ነፃ ሲስተም፣ ስለ ሊኑክስ ሚንት ነው። ላፕቶፑ ሦስተኛ ጄነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ 8 ጊጋ ራም አለው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ነው የተገዛው። በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ ይውላል። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ ፕሮፎርማ፣ የተማሪ አሳይመንት የሚተየበው በእሱ ነው። ዊንዶውስን አውጥቼ ሚንት ካስገባሁበት ወራት አልፈዋል። ያስወጣኝም የላይሰንስ ማስጠንቀቂያ ነው።

ማስጠንቀቂያውን የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ስክሪኑ ቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ይቀመጣል። እሱስ ይቻላል። የሚያስመርረው መሃል ላይ ዱብ የሚለው ሳጥን ነው፦ «ዩር ዊንዶውስ ላይሰንስ ዊል ኤክስፓየር ሱን»። ትዘጉታላችሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። ኦፊስም የራሱን ያመጣል። ወርድ ከላይ በቀይ «ፕሮዳክት አክቲቬሽን ፌይልድ» ይላል። አዳዲሶቹ ኦፊሶች ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ ጽሑፍ ማረም ይከለክላሉ፤ ማንበብ ብቻ ይቀራል። ደንበኛ ማመልከቻውን ይዞ ወደ ወረዳ ሊሮጥ ቆሞ እየጠበቀ ይህ ሲመጣ ሥራ ይቆማል።

ማስጠንቀቂያው ለምን ከወራት በኋላ እንደሚመጣ ማወቅ ጠቅሞኛል፤ እናንተንም ይጠቅማችኋል። ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው ድርጅቶች ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለው። ድርጅቱ ውስጥ አንድ ሰርቨር ይቆማል፤ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ፈቃድ የሚወስዱት ከእሱ ነው። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ180 ቀን ነው። ኮምፒውተሩ በየ7 ቀኑ ሰርቨሩን እየፈለገ ያድሰዋል። በየሱቁ «አክቲቬተር» እየተባሉ ከሚጫኑት ክራኮች ብዙዎቹ ይህን ሰርቨር አስመስለው ኮምፒውተሩን ያታልሉታል። ታዲያ አንቲቫይረስ ክራኩን ሲያጠፋው ወይም አፕዴት ሲያበላሸው ፈቃዱን የሚያድስ አይኖርም። 180 ቀኑ እየተቆጠረ ያልቃል፤ ማስጠንቀቂያውም ይጀምራል። ስለዚህ ሻጩ «ስሰጥሽ ደህና ነበር» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሲሰጣችሁ ደህና ነበር። ግን ፈቃዱ መቼም የእናንተ አልነበረም።

ይህን በቀላሉ ማየት ይቻላል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። ላፕቶፑ የግላችሁ ሆኖ እዚያ «ኦርጋናይዜሽን» የሚል ቃል ካያችሁ፣ በዚህ መንገድ የተከፈተ ነው ማለት ነው።

በእኛ ከተማ የተለመደው መፍትሔ ሌላ ክራክ መጫን ነው። ቴክኒሻኑ «እህቴ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» ይላችኋል፤ እውነትም አይፈጅም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ማጥፋት ነው። ምክንያቱም ዲፌንደር እያየ ክራኩ አይሠራም። ከዚያ ምንጩ የማይታወቅ ፕሮግራም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ሌላ ምን አብሮ እንደሚያስገባ ማንም አይነግራችሁም። እኔ ኮምፒውተር ላይ የሰው መታወቂያ ስካን አለ፣ ፓስፖርት አለ፣ የባንክ ወረቀት አለ። ደንበኛ አምኖኝ ነው የሚሰጠኝ። ለዚህ ነው በክራክ መቀጠልን እምቢ ያልኩት፤ ሌሎች የጽሕፈት ቤት ባለቤቶችም እምቢ እንዲሉ ከልቤ እፈልጋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ዱብ የሚል ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከዊንዶውስ አይመጣም። «የአንቲቫይረስ ላይሰንስዎ አልቋል፣ 5 ቫይረስ ተገኝቷል» እያሉ ከስክሪኑ ጥግ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከብራውዘር የሚላኩ ናቸው። አንድ ቀን ፊልም ወይም መጽሐፍ ሲፈለግ አንድ ድረ ገጽ «አላው» የሚል ቁልፍ አሳይቶ ተጭኖለታል። ከዚያ በኋላ በፈለገው ሰዓት ማስታወቂያ ይልካል። ክሮም ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ግቡና የማታውቁትን ድረ ገጽ ሁሉ አስወግዱ። ወዲያው ይቆማል። ስልክ ደውሉ ወይም የባንክ ካርድ ቁጥር አስገቡ የሚል ሳጥን ከመጣ ደግሞ ሌብነት ነው። ዊንዶውስን ብትለውጡም ባትለውጡም ይህን አጽዱ። ሊኑክስም ላይ ክሮም ያው ክሮም ነው፤ «አላው» ካላችሁት ይመጣል።

ወደ ላይሰንሱ ልመለስ። ከመለወጤ በፊት ላፕቶፑ የራሱ ሕጋዊ ፈቃድ ይኖረው እንደሆነ አጣራሁ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከዊንዶውስ 8 በፊት የተሸጡ ላፕቶፖች ከሥራቸው ወይም ከባትሪው ሥር ቁልፍ የተጻፈበት ስቲከር አላቸው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የመጡት ላይ ደግሞ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ካላችሁ ትክክለኛውን ዓይነት ዊንዶውስ፣ ማለትም ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ፣ በንጹሕ ጫኑና ኢንተርኔት አገናኙት። ራሱ አክቲቬት ሊሆን ይችላል። ምንም አትከፍሉም። የእኔ ላይ ያለው የዊንዶውስ 7 ስቲከር ነው። በዚያ ቁልፍ ዊንዶውስ 10ን መክፈት ለዓመታት ይቻል ነበር፤ ማይክሮሶፍት እንደ ፈረንጆቹ በ2023 መስከረም ወር ላይ በሩን ዘጋ።

«ታዲያ ለምን አልገዛሽም?» ይሉኛል። ለዚህ ላፕቶፕ ምን ልግዛ? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ጄነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይጠይቃል። ሦስተኛ ጄነሬሽን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው። ኪቦርዱ ከብዙ አዲስ ላፕቶፕ ይሻላል።

የጫንኩት ሚንት 22ን ነው። በ2024 የወጣ ሲሆን እስከ 2029 አፕዴት ይሰጠዋል። ነፃ ነው፣ ቁልፍ የለውም፣ ፈቃዱ የሚያልቅበት ቀን የለውም። ከሦስቱ ዓይነቶች ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን መረጥኩ፤ ለአሮጌ ማሽን ቀላሉ እሱ ነው። ሃርድ ዲስኩንም በዚያው ፈጣን በሆነው የዲስክ ዓይነት፣ በኤስኤስዲ አስቀየርኩት። ፍጥነቱ የተሻሻለው በዋናነት በኤስኤስዲው ስለሆነ ምስጋናውን ሁሉ ለሚንት መስጠት አልችልም። ማስጠንቀቂያው ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በነዚህ ወራት አንድም «ፈቃድህ ሊያልቅ ነው» የሚል ሳጥን አላየሁም። የአፕዴት ምልክት ከታች ብቅ ትላለች፤ ስፈልግ እጫናለሁ፣ ካልፈለግሁ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው አፕዴት ግን ከበድ ያለ ዳታ ይወስዳል። በሞባይል ፓኬጅ ላይ ካላችሁ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጨርሱት።

ለእኔ ዋናው ጥያቄ አማርኛው ነበር። ለመጻፍ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አይባስ በሚባለው የሊኑክስ የመተየቢያ ፕሮግራም ላይ የሚጨመረው ኤም17ኤን ነው፤ የላቲን ፊደል እየነካችሁ አማርኛ ይወጣል። ሁለተኛው ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ላይ የለመደው ሰው ሊኑክስ ላይም ያገኘዋል። እኔ ኪማንን ያዝኩ፤ ረዳቴም ቶሎ ለመደችው። አንዳንድ ፊደሎች ከፓወር ግዕዝ በተለየ አነካክ ስለሚወጡ መጀመሪያ ላይ እጅ ይንቀራፈፋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ወደ ድሮው ፍጥነታችን ተመልሰናል።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረን ፎንት ነው። ደንበኞች የሚያመጡት የአማርኛ ሰነድ ብዙው በኒያላ የተጻፈ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ፎንት ስለሆነ ሚንት ላይ የለም። በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፋንታ የምንጠቀምበት ነፃው ሊብሬኦፊስ በሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካዋል። ኒያላ ትንሽና ጠበብ ያለ ነው፤ ተተኪዎቹ ሰፋ ይላሉ። አንድ ገጽ የነበረው ማመልከቻ ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከማተም በፊት የፊደሉን መጠን መቀነስና ሁሌም በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ለራሳችን ሥራ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን እንጠቀማለን፤ ነፃ ነው፣ ወረቀት ላይም ያምራል። ድሮ ዩኒኮድ ከሚባለው የጋራ የፊደል አሠራር ውጭ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆነው ነው የሚከፈቱት። እነሱን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ከቻለ በፒዲኤፍ እንዲያመጣ እነግረዋለሁ።

የእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ካሊብሪን የሚተካው ካርሊቶ፣ ታይምስ ኒው ሮማንን የሚተካው ሊበሬሽን ሰሪፍ፣ ሁለቱም የፊደል ስፋታቸው ከዋናዎቹ ጋር እኩል ተደርጎ የተሠራ ነው። መስመሩ ብዙም አይዛባም። ብዙ ሳጥንና ቴክስት ቦክስ ያለበት ያሸበረቀ ሲቪ ግን ይዛባል። ሊብሬኦፊስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ አድርጉት። አለበለዚያ ደንበኛው ቤቱ ሄዶ ሲከፍተው ይቸገራል።

ፍላሽ ላይ ያገኘሁት እፎይታ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ የማያውቅ ጽሕፈት ቤት የለም። እሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሳም። ፎልደሩ የተደበቀበት ደንበኛ ሲመጣ ዊንዶውስ ላይ የተደበቀው ሚንት ላይ ይታያል፤ ፋይሉን አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ቫይረሱ ግን ፍላሹ ላይ እንዳለ ስለሚቆይ «ሌላ ቦታ ሳትሰካው ፎርማት አድርገው» ብዬ ነው የምሸኘው።

ሚንትን ከመጫናችሁ በፊት ፕሪንተራችሁን አጣሩ። የኤችፒ ፕሪንተሮች ኤችፒሊፕ በሚባል ነፃ ፕሮግራም በአብዛኛው ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ተጨማሪ ፕለግኢን ከኢንተርኔት ያወርዳሉ። ከሌሎች ብራንዶች ትንንሽ ሌዘሮች መካከል ግን ለሊኑክስ ድራይቨር ማግኘት የሚያስቸግርባቸው አሉ። ሚንትን ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር ይቻላል። ያኔ ዋይፋዩ መሥራቱን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን እዩ። ዊንዶውሱ ሳይነካ እንዳለ ይቆያል።

ለማን አይሆንም? በፒችትሪ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ፎቶሾፕና አውቶካድ እንጀራው ለሆነም አይሆንም። ሊብሬኦፊስ ካልክ ለተራ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ በማክሮ የተሞላ የኤክሴል ፋይል ላለው ግን አይበቃም። ሒሳብ የሚሠራልኝ ወንድሜ ይህንን አይቶ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11ን ገዝቶ ጫነ። የእሱ ማሽን ስምንተኛ ጄነሬሽን ስለሆነ ይቀበላል፤ ለእሱ ትክክለኛው ውሳኔ ያ ነው። የገዛውም ከታወቀ ሻጭ ነው፤ በጣም ረክሰው የሚሸጡት ቁልፎች ብዙዎቹ የድርጅት ቁልፎች ስለሆኑ ቆይተው ሊዘጉ ይችላሉ።

እኔ ጋ ያለው ሁለተኛው ዴስክቶፕ ገና ዊንዶውስ 10 ላይ ነው፤ ስካነሩ ከእሱ ጋር ስለተገናኘ አልነካሁትም። ስካነሩ ሚንት ላይ መሥራቱን በሚቀጥለው እሑድ ከፍላሽ አስነስቼ አየዋለሁ። ከሠራ እሱንም እቀይረዋለሁ።