ሀንተር ወይስ ሜጅ? ፓላዲን ወይስ ድሩይድ? ወር ከመክፈላችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ ከመንዝ፣ ከመሀል ሜዳ ከተማ መጥቶ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ቀን ቀን ጉዳዩን ሲያስፈጽም ይውላል። ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ከጎኔ ይቀመጥና ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን የኢንተርኔት ጌም ስጫወት ያያል። አራተኛው ቀን ላይ «ጋሼ፣ እኔስ የቱን ልያዝ?» አለኝ። ስክሪኑ ላይ 13 ክላስ፣ ማለትም የተዋጊ ዓይነት፣ ተደርድሯል። የእሱ ዓይን ያረፈው ዋሪየሩ ላይ ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው «ሰይፉ ትልቅ ነው» አለ።

እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ነው የመረጥኩት፤ ከስድስት ወር በኋላ ተጸጸትኩ። በዚህ ጌም ውስጥ ስም ይቀየራል፣ ዘር ይቀየራል፣ ሰርቨር ይቀየራል፣ ጎራ (አላያንስ ወይም ሆርድ) ሳይቀር ይቀየራል። ብር ካላችሁ ሁሉም ይሸጣል። ክላስ መቀየር ግን አይሸጥም። ሮግ ሆናችሁ ሦስት ወር ከለፋችሁ በኋላ ፕሪስት ቢያምራችሁ ሌላ ሰው ፈጥራችሁ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ክፍያው በወር 15 ዶላር ገደማ ነው፤ በአውሮፓ ሰርቨር 13 ዩሮ አካባቢ። እስከ ሌቭል 20 ግን ነፃ ነው። ነፃው አካውንት ገደብ አለው። ገበያው ውስጥ መሸጥና መግዛት አይቻልም፣ ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ውስጥ አይገባም፣ ከ1000 ወርቅ በላይ አይያዝም። ክላስ ለመሞከር ግን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ኢንተርኔት ላይ «የዘንድሮ ጠንካራ ክላስ» እያሉ ደረጃ የሚያወጡትን አትከተሉ። አዘጋጆቹ ቁጥሩን በየጊዜው ይነካኩታል፤ ዛሬ አንደኛ የተባለው ከሁለት ወር በኋላ መሀል ላይ ይገኛል። የድሮ ምክርም እንደዚያው ነው። እስከ 2007 ድረስ ፓላዲን ለአላያንስ፣ ሻማን ለሆርድ ብቻ ነበሩ። ያንን ዘመን የሚያወሩ ጽሑፎች አሁንም ይገኛሉ። እኔ የማወዳድረው በሌላ ነገር ነው፦ ምን ያህል ሰዓት አላችሁ፣ መብራታችሁ እንዴት ነው፣ ኔትወርካችሁስ?

መጀመሪያ ሥራው

አንድ ደንጀን (በቡድን የሚገባበት የውጊያ ቦታ) አምስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ታንክ ነው፤ ጠላቱን ወደ ራሱ ስቦ ዱላውን ይችላል። አንዱ ሂለር ነው፤ የሌሎቹን ደም ይሞላል። ሦስቱ ዲፒኤስ ናቸው፤ ይመታሉ፣ በቃ።

ስለዚህ ወረፋው እኩል አይደለም። ታንክ ብዙ ጊዜ ተመዝግቦ ሳይጨርስ ይጠራል። ዲፒኤስ ከሆናችሁ ቡናው ተፈልቶ ቶና ላይ ሊደርስ ይችላል። ጌሙ ራሱ የጎደለውን ሥራ ለሚሞላ ሰው ተጨማሪ ሽልማት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ሀንተር፣ ሜጅ፣ ሮግና ዋርሎክ መምታት እንጂ ሌላ ሥራ የላቸውም። ዋሪየር፣ ዴዝ ናይትና ዲመን ሀንተር ይመታሉ፣ ታንክም ይሆናሉ። ፕሪስት፣ ሻማንና ኢቮከር ይመታሉ፣ ያክማሉም። ሦስቱንም የሚችሉት ፓላዲን፣ ሞንክና ድሩይድ ናቸው። በአንድ ክላስ ውስጥ ከአንዱ ስፔክ (የሥራ ዘርፍ) ወደ ሌላው መዞር በነፃ ነው። ክላሱ አንዴ ከተያዘ ስለማይለወጥ፣ ውስጡ ብዙ ሥራ ያለው ክላስ እንደ መድን ነው የምቆጥረው።

ልጁ ይህን ሁሉ ነግሬው ዋሪየር አደረገ። ያውም ታንክ።

ሌቭል 17 ላይ ዴድማይንስ የሚባለው ደንጀን ገባ። ጥሩ እየሄደ ነበር። አለቃውን ይዞ ግድግዳ ጋ አቁሞታል፣ ሌሎቹ ከኋላ ይወርዱበታል። መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ የለውም። ስልኩን አውጥቶ ሆትስፖት እስኪከፍት፣ እስኪያገናኝ፣ ተመልሶ እስኪገባ ደቂቃዎች አለፉ። «ሁላችንም ሞትን!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ባትሪ ይዛ ሮጣ መጣች። «ማነው የሞተው? ኧረ በስመ አብ!» ስናስረዳት አጠገቡ ቁጭ አለችና «እና አሁን ሬሳው የት ነው?» አለችው። ተመልሶ ሲገባ ከግሩፑ ተባሯል።

ከዚያ ማታ በኋላ ማወዳደሩን አብረን ከመጀመሪያው ጀመርን።

ሀንተር እና ሜጅ

ሁለቱም ከሩቅ የሚመቱ ናቸው፣ ሁለቱም ዲፒኤስ ብቻ ናቸው። ጀማሪ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወላውለው በእነዚህ መካከል ነው።

ሀንተር እንስሳ አለው። እንስሳው ፊት ይቆማል፣ እናንተ ከኋላ ትተኩሳላችሁ። ብቻችሁን ስትጫወቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠላቱ የሚነክሰው ተኩላውን ነው፤ እናንተ ተኩላውን እያከማችሁ ቀስታችሁን ትለቃላችሁ። ነገሩ ከከፋ የሞታችሁ መስላችሁ መሬት ላይ ትወድቃላችሁ፤ ጠላቱ ረስቷችሁ ይሄዳል። ቢስት ማስተሪ የሚባለው ስፔክ ደግሞ እየሮጠ ይተኩሳል፤ ለመተኮስ መቆም የለበትም።

ሜጅ መቆም አለበት። አብዛኛው ድግምቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ መሀል ላይ ከተንቀሳቀሳችሁ ይቋረጣል። ልብሱ ጨርቅ ነው፣ ሁለት ሦስት ዱላ ከበላ አይተርፍም። ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል፦ የት ልቁም፣ መቼ ላቀዝቅዘው፣ መቼ ልዝለል። ለእኔ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠላት በበረዶ ታስሮ ሳይደርስባችሁ ሲወድቅ ማየት ከየትኛውም ሰይፍ ይበልጣል።

ሜጅ ሌላም ነገር አለው፣ ምቾት። ከከተማ ከተማ በቅጽበት ይሄዳል፣ ለጓደኞቹም በር ይከፍታል። ምግብና መጠጥ ከምንም ይሠራል፤ በግሩፕ ሲሆን ገበታ ዘርግቶ ሁሉም ያነሳል። ደብረ ሲና ላይ አውቶብስ ሲቆም ቆሎ ይዘው በመስኮት የሚመጡትን ልጆች ታስታውሳላችሁ? ሜጅ ማለት ቆሎው በነፃ ሲሆን ነው። ሰው ይወዳችኋል።

አሁን ፒንግ፣ ማለትም ትእዛዛችን ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ። እኛ የምንጫወተው አውሮፓ ሰርቨር ላይ ነው፤ ፒንጋችን በሚሊሰከንድ ሦስት አሃዝ ነው። ብዙ ሰው «ሜጅ በዚህ ኔትወርክ አይሆንም» ይላል። እኔ አልስማማም። ጌሙ አንዱ ድግምት ከማለቁ 400 ሚሊሰከንድ አስቀድማችሁ የሚቀጥለውን እንድትጫኑ ይፈቅዳል፤ ትእዛዙ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ ቆሞ ደጋግሞ ለሚደግም ሰው መዘግየቱ ብዙም አይታወቅም። ኔትወርክ የሚጎዳው ድንገት መልስ የሚጠይቀውን ነው፦ የጠላትን ድግምት ማቋረጥ፣ እግራችሁ ስር እሳት ሲነድ መሸሽ። እዚያ ላይ ሁሉም እኩል ይቀጣል፣ ቆሞ የነበረው ሜጅ ግን ትንሽ ይብስበታል።

ፍርዴ፦ ብቻውን ለሚጫወት፣ መብራቱ ለሚሄድበት፣ በቀን አንድ ሰዓት ለማያገኝ ሰው ሀንተር። ከጓደኛ ጋር ለሚጫወትና ማሰብ ለሚወድ ሰው ሜጅ። የሀንተር ጉድለቱ ብዙ ሰው ስለሚይዘው ወረፋው ላይ ከራሳችሁ ዓይነት ጋር መጋፋታችሁ ነው።

ፓላዲን እና ድሩይድ

እዚህ ጋ ነው ገንዘቤን የማደርገው። ሁለቱም ታንክ፣ ሂለርና ዲፒኤስ መሆን ይችላሉ። ድሩይድ እንዲያውም አራት ስፔክ አለው፦ እንደ ድመት በጥፍር ይመታል፣ እንደ ድብ ዱላ ይችላል፣ ከሩቅ በድግምት ይመታል፣ ያክማል።

ፓላዲን ይቅር ባይ ክላስ ነው። ብረት ለብሷል። ራሱን ያክማል። ከሁሉም በላይ ለጥቂት ሰከንድ ምንም የማይነካው የብርሃን ሽፋን አለው፤ ስታበላሹ ትጫኑትና ትተነፍሳላችሁ። ቁልፎቹም ብዙ አይደሉም። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጣት አይታዘዝም። እኔ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርጌ ነው የምጫወተው። አምስት ቁልፍ በጓንት ይሠራል፣ አሥራ አምስት ግን አይሠራም። ጉድለቱ እግሩ ነው፤ ቀርፋፋ ነው። ሁሉም ቀድሞት ይደርሳል።

ድሩይድ ተቃራኒው ነው። እግሩ አይያዝም። በምድር ይሮጣል፣ በውኃ ይዋኛል፣ ወፍ ሆኖ ይበራል፣ ሲፈልግ ተሰውሮ ያልፋል። በጦርነት መሀል የሞተውን ሰው ያስነሳል። ግን ቁልፉ ብዙ ነው፤ አራቱንም ሥራ እሠራለሁ ያለ ሰው አራት ክላስ እንደ መማር ነው። ሌላም የሚያናድድ ነገር አለው። ብዙውን ጊዜ ድብ ወይም ድመት ስለምትሆኑ የለፋችሁበትን ልብስ ማንም አያየውም። ለዓመት በዓል አዲስ ልብስ ገዝቶ ላዩ ላይ ባና ደርቦ እንደ መዋል ነው።

ለሁለቱም አንድ ማስጠንቀቂያ። ስፔክ ስትቀይሩ የልብሱ ዋና ቁጥር አብሮ ይቀየራል፣ መሣሪያው ግን አይቀየርም። ለመምታት የያዛችሁት ትልቅ ሰይፍ ለማከም አይረዳም። ሁለት ሥራ ማለት ሁለት መሣሪያ መሰብሰብ ነው።

ከዚያ የወር ክፍያው ጉዳይ አለ። ብዙዎቻችን ዶላር የሚከፍል ካርድ የለንም። ከ2015 ጀምሮ ግን ጌሙ ውስጥ ቶክን የሚባል ነገር አለ፤ በጌሙ ወርቅ ገዝታችሁ 30 ቀን ትጫወቱበታላችሁ። ወርቁን ለመሰብሰብ ቀላሉ መንገድ ጌሙ ውስጥ ሜዳ ላይ የበቀለ ዕፅ እየለቀሙ መሸጥ ነው። ሌላው ሰው ሙያውን በደንብ እስኪያሳድግ ድረስ ዕፅ ባየ ቁጥር ከፈረሱ ይወርዳል፣ ይለቅማል፣ ተመልሶ ይወጣል። ድሩይድ ወፍ እንደሆነ ወርዶ ለቅሞ ይነሳል። በአንድ ቀን ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በወር ግን ይታያል። ወርቅ እየለቀምኩ ወር እከፍላለሁ ለሚል ሰው ከድሩይድ ሌላ አልመክርም። በካርድ ከፍዬ በሰላም ልጫወት ለሚል ፓላዲን።

የቀሩት በአጭሩ

ዋሪየር ጥሩ ነው፣ ግን ጥሩ ሂለር ያለው ጓደኛ ይፈልጋል። ዴዝ ናይት በ2008 የመጣ ነው፤ ብቻውን ለመቆም ከዋሪየር ይሻላል፣ ፓላዲን ቀርፋፋ ነው ካላችሁ ግን እሱንም አትንኩት። ዲመን ሀንተር ቁልፉ ጥቂት ነው፣ ሁለት ጊዜ ይዘላል፣ ይንሳፈፋል፤ ለጓንት ምቹ ነው። ሮግ ለትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ እኔ ትዕግሥት የለኝም። ዋርሎክ ሀንተር ነው ማለት ይቻላል፣ እንስሳው ጋኔን ስለሆነ ግን እናቴ ፊት አልከፍተውም። ፕሪስትና ሻማን ማከም ለሚወድ ሰው ናቸው፤ መብራታችሁ የሚሄድ ከሆነ ግን የዴድማይንሱን ማታ አስታውሱ። ሂለር ሲጠፋም እንደዚያው ነው፤ ዲፒኤስ ሲጠፋ ግን አራቱ ይጨርሳሉ። ሞንክን ብዙ አልሞከርኩትም። ኢቮከር በ2022 የመጣ ነው፤ ድራክቲር የሚባለው ዘር ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከሌሎቹ ባለ ሩቆች ይልቅ ጠጋ ብሎ መምታት አለበት። ለመጀመሪያ አይሆንም።

ስለ ማውረድ

ጌሙ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። በስልክ ፓኬጅ አይታሰብም። አዲስ አበባ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ሃርድ ዲስክ ላኩለት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዲስኩ በማግሥቱ ይደርሳል። ፎልደሩን ገልብጣችሁ ፕሮግራሙን ቦታውን ካሳያችሁት ያውቀዋል፤ የሚያወርደው የጎደለውን ብቻ ነው።

ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሰው ፈጠረ፦ ፓላዲን፣ ሜጅና ሀንተር። ሦስቱንም እስከ ሌቭል 12 አደረሳቸው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ማታ ሰጣቸው። አራት ጊዜ መብራት ሄደበት። ፓላዲኑን ወደደው። ሜጁን «ጋሼ፣ ይሄ ለአንተ ነው» አለኝ። ወደ መሀል ሜዳ ከመመለሱ በፊት በነበረው ማታ ሀንተሩን ይዞ አንድ ቀይ ቀበሮ ሲያሳድድ አመሸ። አላመደው። ስም ስጥ ሲለው ጓሳ ላይ ከብት ሲያግድ የሚያየውን አሰበና «ቀይ ቀበሮ» ብሎ በላቲን ፊደል ጻፈለት። ቀበሮው አጠገቡ ቁጭ አለ። ልጁም ላፕቶፑን ሳይዘጋ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ዋሪየሩ እስካሁን አካውንቴ ላይ ሌቭል 17 እንደሆነ ቆሟል።