የጥቅልል ኤክስቴንሽን ልትገዙ ነው? ሳታስከፍቱ ብር እንዳታወጡ

ክረምቱ ሳሩን አሳድጎታል፣ ሁሉም የሳር ማጨጃ ማሽኑን እያወጣ ነው። ስለዚህ ይህን ሳላሳድር ልጻፈው።

በብረት መንኮራኩር ላይ የተጠቀለለ፣ ብርቱካናማ ገመድ ያለው፣ 30 ሜትር የሚባል ኤክስቴንሽን አለ። በ2,600 ብር ገዛሁት። ሌሎቹ ሱቆች ለዚያው ርዝመት ከእጥፍ በላይ ነበር የጠሩልኝ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የጀርመን ነው፣ ውሃ ውስጥ ብትከተው ምንም አይሆንም» አለኝ። ገመዱ ላይ 3×1.5 የሚል ታትሞበታል፣ ማለትም ውስጡ ሦስት ሽቦ አለ፣ እያንዳንዱም 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አምኜ ከፈልኩ።

ያ ገመድ ሰው ሊገድልብኝ ነበር።

ግቢያችንን በየሁለት ሳምንቱ የሚያጭዱልን አንድ ጋሼ አሉ። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ዘንቦ ካባራ በኋላ መጡ። ማሽኑ 1,600 ዋት ነው፣ እሱ እስከ ዛሬ እንከን አልወጣለትም። በረንዳው ላይ ሰክተን ገመዱን እስከሚበቃን ድረስ ሳብነው፣ ግማሹ መንኮራኩሩ ላይ እንደተጠቀለለ ቀረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የማሽኑ ድምፅ ደከመ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ሸተተኝ። ጋሼ መንኮራኩሩን ከመንገዳቸው ሊያነሱት ብረቱን ያዙ። «ኧረ!» ብቻ ነው ያሉት። ክንዳቸው ድርቅ አለ፣ ከዚያ ተፈናጥረው እርጥቡ ሳር ላይ ወደቁ። መንኮራኩሩም አጠገባቸው ወደቀ። ሮጬ ላነሳቸው ስል ባለቤቴ ከበሩ ላይ «እንዳትነካቸው!» ብላ ጮኸች፣ ሄዳም ብሬከሩን አወረደችው። እውነቷን ነው። ኮረንቲ የያዘውን ሰው መጀመሪያ መብራቱን ሳያጠፉ መንካት ሁለት ሬሳ ማውጣት ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፣ ልባቸው ታየ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው። መዳፋቸው ላይ ሳንቲም የምታህል ቃጠሎ ቀርታለች። ኋላ የመጣው ኤሌክትሪሺያን የኮንጎ ጫማቸው ፕላስቲክ ሳይረዳቸው አልቀረም አለን። በባዶ እግራቸው ቢሆኑስ? እሱን ማሰብ አልፈልግም።

ኤሌክትሪሺያኑ በካቻቢቴ ሶኬቱን ፈታልን። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሶኬቱ ሲታይ ሙሉ ነው፣ ግራና ቀኝ የሚያብረቀርቁ የግራውንድ (ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ምላሶች አሉት። ከኋላቸው ግን ምንም አልታሰረም። ሽቦው ሁለት ብቻ ነው። አረንጓዴና ቢጫው የግራውንድ ሽቦ የሚባል ነገር ገመዱ ውስጥ ጭራሽ የለም። ምላሶቹ ለዓይን ነው የተገጠሙት። ከዚያ አንዷን ቀጭን ሽቦ በቢላ ጫፍ ፋቅ አደረጋት፤ ከላይ ቀይ የነበረችው ከውስጥ ነጭ ወጣች። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። አሉሚኒየም በዚያው ውፍረት ከመዳብ 60 በመቶ ያህሉን ነው ኮረንቲ የሚያሳልፈው፣ ይሄኛው ደግሞ ውፍረቱም የተጻፈውን ግማሽ አይሞላም። ከ7 አምፔር በላይ የሚስብ ማሽን ሲሰካበት ይግላል። ተጠቅልሎ ሲሆን ሙቀቱ መውጫ የለውም። ላስቲኩ ቀለጠ፣ ሽቦው ከመንኮራኩሩ ብረት ጋር ተገናኘ፣ ብረቱ በሙሉ 220 ቮልት ተሸከመ። ሙሉ ለሙሉ አለመዘርጋታችን የእኛ ጥፋት ነው፣ እሱን አልክድም። ግራውንዱ ግን ቢኖር ኖሮ ብሬከሩ ያኔውኑ ይጥል ነበር፣ ጋሼም ቀዝቃዛ ብረት ነበር የሚነኩት።

ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ» ብሎ ይተኛል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ብሬከሩ የተሠራው ገመድ እንዳይቃጠል ነው። 16 ወይም 20 አምፔር ካላለፈበት ምንም አይመስለውም፣ የሰው ልብ ግን 0.1 አምፔር ይበቃዋል። ለሰው የተሠራው አርሲዲ የሚባለው ነው። 0.03 አምፔር ካፈተለከ በቅጽበት ይቆርጣል። አሁን ለውጭ ሶኬቶቻችን አስገጥመናል፣ በየወሩ መፈተኛ ቁልፉን ተጭኜ እንደሚጥል አያለሁ። ወጪ ነው፣ ግን ከሁሉም በፊት እሱን ግዙ እላለሁ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ከሻጩ ጀርባ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። የቀለጠውን ሳሳየው «ውሃ አስነክተኸው ነው» አለኝ። ውሃ ውስጥ ብከተው ምንም አይሆንም ያለኝ ያው ሰው! ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር፣ እዚያ ላይ ያዘኝ። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የግድግዳ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ያለ ደረሰኝ ግን ምኑን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ? ደረሰኝ ከሌለ ብሩን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

ስትገዙ ሶኬቱን ፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ ሦስቱም ሽቦ ታስሮ በዓይናችሁ እዩት። አልፈታም ካለ ውጡ። ጫፉን ፋቁት፣ ነጭ ከሆነ ተዉት። ማግኔት ያላችሁ አስጠጉት፤ መዳብን ማግኔት አይስብም፣ ከሳበው ብረት ነው የተሸጠላችሁ። እጃችሁም ይመዝናል፦ 30 ሜትር የመዳብ ገመድ ከባድ ነው፣ የእኔን በአንድ ጣት ነበር ያነሳሁት።

ቤት ስትደርሱ ደግሞ ገመዱን ሙሉውን ዘርጉት። መገጣጠሚያው ሳር ላይ አይተኛ፣ ከፍ ያለ ደረቅ ነገር ላይ ይቀመጥ። ዘንቦ ከሆነ ሳሩ ሁለት ቀን ቢቆይ ማንም አይጎዳም። ምላጩ ላይ ሳር ሲጠመጠም ማሽኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ንቀሉት። ምላጭ የቆረጠውን ገመድም በፕላስተር ጠቅልላችሁ እርጥብ ሳር ላይ እንዳትጎትቱ፣ በተለይ የምታጭዱት እናንተ ሳትሆኑ ቀጥራችሁት የመጣ ሰው ከሆነ። እሱ የሰጣችሁትን ይዞ ነው የሚሠራው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሱቅ በኩል አልፌ ነበር። አምስት ብርቱካናማ ጥቅልል አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሏል።