ፊዚዮቴራፒ ወይስ ስፖርት ሳይንስ?

ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ወጌሻ አይተህ «እኔም» ካልክ መንገድህ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የተጎዳን ወይም የደከመን አካል በእንቅስቃሴና በመሳሰሉት የማከም ሙያ። ትምህርቱ የጤና ዘርፍ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ይሰጡታል። አናቶሚው (የሰውነት ክፍሎች ጥናት) ከባድ ነው፣ የሆስፒታል ልምምዱም ቀልድ አይደለም። ደግሞ ታካሚዎችህ በአብዛኛው ስፖርተኞች አይሆኑም። ስትሮክ የመታቸው አባቶች፣ ወገባቸውን የሚያማቸው እናቶች፣ የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ወጣቶች ናቸው። ኳስ ብቻ ከሆነ የሚታይህ፣ ከአሁኑ አስብበት። ጥቅሙ፣ የክለብ ሥራ ቢጠፋ እንኳ ሆስፒታልና ክሊኒክ አለልህ።

ስፖርት ሳይንስ የሚነሳው ከጤነኛው ሰው ነው። ልብና ሳንባ በሥልጠና እንዴት እንደሚለወጡ፣ የልምምድ ጫና እንዴት እንደሚመጠን ትማራለህ። አሰልጣኝነት፣ ጂም፣ መምህርነት ያስኬድሃል። ጉዳት እንዳይደርስ ትሠራለህ እንጂ የደረሰውን አታክምም፤ ለዚያ የጤና ባለሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ልጆች ይህን የሚያውቁት ከተመረቁ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

አሜሪካ ላለ ተማሪ ነገሩ ይለያል። እዚያ ፊዚካል ቴራፒስት (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን የሚጠሩት እንዲህ ነው) ለመሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ 3 ዓመት ገደማ የሚወስድ የዶክትሬት ትምህርት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዲግሪ ስፖርት ሳይንስ ቢሆንም በሩ አይዘጋም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ግን መውሰድ ግድ ነው።

አገር ቤት ላለው ግን እኔ ወደ ፊዚዮቴራፒ አደላለሁ። ከሕክምናው ወደ ሥልጠናው መሻገር ከተቃራኒው ይቀላል።