ደብረ ብርሃን ላለው የሳይክል መካኒካችን ምስጋና (የካርቦን ቸርኬ ልትገዙ ያሰባችሁ ሳታነቡት አትለፉ)

ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! ስሙን እዚህ እንድንጽፍ አልፈለገም። የደብረ ብርሃን ሳይክል ነጂዎች ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት በውስጥ መስመር ጠይቁ።

ምሬቱን ላስቀድም። ቸርኬውን የሸጠልን ቤት (ስሙ ይቅር) 25 ጎማ (ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ) አልብሶ፣ 110 ፒኤስአይ ነፍቶ (ፒኤስአይም ባርም የአየር ግፊት መለኪያ ናቸው)፣ «በሰላም ንዱ» ብሎ ሸኘን። የቸርኬው የውስጥ ስፋት 23 ሚሊሜትር ነው፤ ጠርዙም ጎማውን ቆንጥጦ የሚይዝ መንጠቆ የለውም። እንዲህ ያለ ቸርኬ ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72 ፒኤስአይ በላይ አይነፋም። 110 ከ7 ባር ተኩል ያልፋል! ጎማው ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ከጠርዙ ቢዘል ምን እንደሚከተል አስቡት። ሲጠየቁ መልሳቸው «ካርቦን ጠንካራ ነው» ነበር። ካርቦኑስ ጠንካራ ነው፤ የሚወጣው ጎማው ነው እንጂ።

የኛ ሰው ሳይክሉን እንዳየ አንድ ቃል ሳይናገር ሁለቱንም ጎማ አስተነፈሰ። ከዚያ ቸርኬው ላይ የታተመውን «5 ባር» በጣቱ እያሳየ፣ «አሁን መነጋገር እንችላለን» አለ። ለዚህች ብቻ እንኳ ምስጋናው አይበቃውም።

ቀጥሎ ጎማው የሚገባበትን የሹካውንና የኋላውን ክፍተት በካሊፐር (በስፋት መለኪያ) ለካ። የጎማ ቁጥር ብቻውን አይታመንም፤ 28 የተባለው በ23 ቸርኬ ላይ ሲነፋ ወደ 30 ይጠጋል። በየጎኑ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መቅረት አለበት። እኛ የፈለግነው 32 ጎማ የኋላውን ክፍተት ስለሚያጠበው፣ ገንዘብ ይዘን ቆመን «አልሸጥም» ብሎ 28ን ሰጠን። እንዲህ ያለ ነጋዴ ስንት አለ?

ለመንጠቆ አልባ ቸርኬ ጎማው ቲዩብለስ (ያለ ውስጥ ላስቲክ እንዲሠራ የተሠራ) መሆን አለበት፤ የውስጥ ላስቲክ ብታስገቡም ተራ ጎማ አይሆንም። ጎማውና ቸርኬው መስማማታቸውን ከአምራቾቹ ዝርዝር ላይ ሳያይ አይገጥምም። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ ከፊት 60፣ ከኋላ 63 ፒኤስአይ አካባቢ ይነፋና ከመንገዱ ጋር እያያችሁ አስተካክሉ ይላል። የቫልቩ ርዝመትም ከቸርኬው ጥልቀት በ20 ሚሊሜትር ያህል ይብለጥ፤ ለ50 ቸርኬ 70 ማለት ነው። አለበለዚያ የፓምፑ አፍ አይይዝም።

የቸርኬው የውጭ ስፋት ከተነፋው ጎማ በ5 በመቶ ይብለጥ የሚባለው ለአየር ፍሰት ነው። ለውድድር ይጠቅማል፤ በኛ አስፋልት ግን ሳይክሉ ከቻለ ሰፊውን ጎማ ምረጡ። በጫጫ ሜዳ የጎን ንፋስ ጥልቅ የፊት ቸርኬን እንደ ሸራ ይገፋዋል፤ ቀላል ሰውነት ያላችሁ ለፊት ከ40 ሚሊሜትር ጥልቀት አትለፉ።

ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለጣርማበር ካርቦን አያስፈልጋችሁም። ፍሬኑን እንደያዙ ሲወርዱ ጠርዙ ይግላል፣ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ቸርኬው ይበላሻል። ዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን መሃሉ ላይ ያለውን የብረት ሳህን የሚይዝ) ከሆነ ሙቀቱ ከቸርኬው አይደርስም።

እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አማክሩ፤ ከገዛችሁም ሳትነዱ አሳዩት። ስትሄዱ የቸርኬውን ወረቀት ያዙ፣ ሳይክሉንም ጭምር ውሰዱ፤ ክፍተቱን ሳይለካ ጎማ አይሰጥም።