ለወንድሜ ልጆች የቆሙልን ጠበቃ

ወንድሜ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ የካሳውን ጉዳይ ይዘው እስከ መጨረሻው የሄዱልንን ጠበቃ ላመሰግን ነው። አጭር ላደርገው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። እሳቸው ምን እንደሠሩልን ለመናገር፣ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው መናገር ግድ ነው።

ስማቸውን አልጽፍም። «የኔን ስም ከምትለጥፊ ሕጉን ንገሪያቸው» ብለውኛል። እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላቸው። ቢሯቸው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው፤ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ። እናቴን ደግፈን ነበር የምናወጣት።

ወንድሜ ኤሌክትሪሽያን ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። አንድ ምሽት ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ሲያቋርጥ ገልባጭ መኪና ገጨው። ባለቤቱን፣ ሁለት ትንንሽ ልጆችና እናታችንን ጥሎ ሄደ። ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሠልስቱ ሳይወጣ የመኪናው ባለንብረት ሽማግሌ ላከ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ለቅሶ ደርሰው፣ አልቅሰው፣ ለቀብር ወጪ ብለው ገንዘብ ይዘው መጡ። ከገንዘቡ ጋር ግን ወረቀት ነበረች። «ታርቀናል፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» የምትል። የወንድሜ ሚስት በዚያ ሰዓት ምን ስጧት ብትፈርም አይፈረድባትም። የእድራችን ጸሐፊ ነው ቀስ ብሎ «ይቺን ወረቀት ሕግ የሚያውቅ ሰው ይያት» ያለው። ወደ እትዬም የላከን እሱ ነው። እግዜር ይስጠው።

እትዬ ወረቀቷን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ሽማግሌ አይመለስም፤ እግዜር ይስጥልን በሏቸው። የቀብር ወጪውንም ከሰጡ ተቀበሉና መቀበላችሁን ጻፉላቸው። ይሄን ግን አትፈርሙ» አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የግልግል ስምምነት፣ ማለትም እንዲህ ያለው የእርቅ ውል፣ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ከፈረምን በኋላ ፍርድ ቤት ብንሄድ ወረቀቷ ትቀድመን ነበር ማለት ነው። እርቁ ደግሞ ሹፌሩ ላይ ያለውን የወንጀል ክስ አያስቀርም። በቸልተኝነት ሰው መግደል ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው ወንጀል ነው፤ የእኛ ይቅርታ አያቆመውም።

እኔ እትዬን የወደድኳቸው ግን እዚህ ላይ አይደለም። ደስ የማይለውን በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ስለነገሩን ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚዞሩ ጉዳይ አስፈጻሚ ነን ባዮች ሚሊዮን ሲጠሩልን ነበር። እሳቸው ግን «የሐዘናችሁን ዋጋ ሕጉ አይከፍላችሁም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ በቁጥር 2116 ይደነግጋል። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ብር ነበር። ዛሬ ለድንኳን ኪራይ እንኳ አይበቃም።

ለእኔም የተለየ ነገር ነበራቸው። «አንቺ እህቱ ነሽ፤ አንቺ አትከሺም» አሉኝ። ቁጥር 2095 በሞት አደጋ ካሳ መጠየቅ የሚችሉትን ይዘረዝራል፦ የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆች፣ ወደ ታች የሚቆጠሩ ልጆችና የልጅ ልጆች። እህትና ወንድም የሉበትም። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ካሳው የሚታሰበው ሟቹ ያኖራቸው የነበሩት ሰዎች ባጡት ቀለብ ነው፤ በዝምድና ብቻ አይደለም። ስለዚህ ክሱ በሚስቱ፣ በልጆቹና በእናታችን ስም ተመሠረተ። እኔ ፋይል ተሸካሚ ሆንኩ።

ብዙ ሰው ሹፌሩ ከተፈረደበት ካሳውም አብሮ የሚመጣ ይመስለዋል። አይመጣም። የወንጀሉ መዝገብ ሌላ፣ የካሳው መዝገብ ሌላ ነው። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔር ችሎቱ በዚያ አይታሰርም። የካሳው ጥያቄ ደግሞ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ አለው፤ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው። ወንጀል ሲኖርበት ረዘም ሊል ይችላል፤ እትዬ ግን «ረዘም ይላል ብሎ መተኛት የለም» ነው የሚሉት።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ኢንሹራንስ ነው። ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነ ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። እኛ በጠየቅንበት ጊዜ ይሠራ የነበረው የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ለሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ኢንሹራንሱ ገንዘቡን ሲከፍል «ሌላ ጥያቄ የለንም» የምትል ቅጽ አቀረበልን። ያቺው ወረቀት በሌላ ልብስ! እትዬ ራሳቸው ሄደው «ከኢንሹራንሱ ላይ» የሚል ቃል አስጨመሩባት። ቀሪውን ከባለንብረቱ መጠየቅ የቻልነው በዚያ ነው።

ባለንብረቱ «እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ የገጨው ሹፌሩ ነው» ብሎ ተከራከረ። ሕጉ ግን የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። «ሟቹ ዘሎ ገባ» የሚለውንም አነሳ። ይሄኛው አስፈርቶን ነበር፤ ሟች ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳላ። እትዬ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን አውጥተው አሳዩ። ወንድሜ የተገጨው ዜብራ ላይ ነበር።

ገና ክሱ ሲገባ መኪናው ለሌላ እንዳይሸጥና ስም እንዳይዞር እግድ ጠይቀው ነበር። ያኔ ምን ያስቸኩላቸዋል ብዬ ነበር። ፍርዱ መጥቶ ወደ አፈጻጸም ስንገባ ግን መኪናው ባይታገድ ምን እንይዝ ነበር?

ትልቁ ጣጣ ገቢውን ማስረዳት ነበር። ወንድሜ የደመወዝ ወረቀት የለው፣ ሂሳብ አያያዝ የለው። የግብር ደረሰኙ ላይ ያለው ደግሞ የማይረባ ቁጥር ነው፤ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ «እቁብ ይጥል ነበር?» ብለው ጠየቁ። ይጥል ነበር! የእቁቡ ሰብሳቢ መዝገባቸውን ይዘው መጥተው መሰከሩ። ሥራ የሚሰጡት ኮንትራክተሮች መሰከሩ። የልጆቹ ትምህርት ቤት የክፍያ ደረሰኞች ተያያዙ። እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቃቅመው ሰፉት። ጉዳቱን በትክክል ማስላት ሲያስቸግር ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት ግምት፣ እንዲወስን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ዳኛው ግን በርትዕ ሲወስኑም የሚያዩት ነገር ይፈልጋሉ። እኛ የሚታይ ነገር አቀረብን።

የተወሰነውን ገንዘብ አልናገርም፤ ልጆቹ አሉበት። የጠየቅነውን ያህል አይደለም። ግን ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን አልቀየሩም። የእነሱ ድርሻ በስማቸው ባንክ እንዲቀመጥ የጠየቁትም እትዬ ናቸው። እኛን ዘመዶቹን አላመኑም ማለት ነው፤ ልክ ናቸው።

እንግዲህ ጉድለታቸውንም ልናገር። ስልክ አያነሱም። ሲያነሱም ይቆጣሉ። ቀጠሮ ተለወጠ ብለው የሚነግሩን አንዳንዴ ችሎት በር ላይ ከደረስን በኋላ ነው። ማባበል የሚፈልግ ሰው ሌላ ጋ ቢሄድ ይሻለዋል። በገንዘብ በኩል ግን ቅር ያሰኘን ነገር የለም። ውሉን በጽሁፍ አደረጉ፤ ጥቂት ቅድሚያ ወስደው ቀሪውን ከፍርዱ በኋላ ነው የተቀበሉት። ለዳኝነት ክፍያው አቅም ሲያጥረን «በድሃ ደንብ፣ ክፍያውን ቀድሞ ሳይከፍሉ መክሰስ ይቻላል» ብለው የወንድሜን ሚስት በቃለ መሃላ አስመዝግበው አስፈቀዱላት። ይህን መንገድ የማያውቅ ስንቱ ገንዘብ አጥቶ ቤቱ ተቀምጧል።

የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ጠዋት ችሎት ናቸው፤ ከሰዓት ሂዱ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ ከወረዳ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ያላችሁን ሁሉ ያዙ። የወራሽነት ማስረጃ ከሌላችሁ ከከተማው ፍርድ ቤት ነው የሚወጣው፤ ኢንሹራንስ መጠየቁ ስለማይቀር ቀድማችሁ ጀምሩት።

እትዬ፣ ይህን ካነበቡት እናቴ ለጥምቀት ቤት ይምጡ ብላለች። ሥራ አለኝ የሚለውን አትቀበልም።